የአሥራ አራት ቁጥር ክፍል አየር

ኢብሲቱ ከልጇ መምህርት የመጣውን ወረቀት ሦስት ጊዜ አነበበችው። የዘጠኝ ዓመቷ ሶሬቲ ከምሳ በኋላ ክፍል ውስጥ ስለምትተኛ፣ ቤት ውስጥ በቂ እንቅልፍ ማግኘቷን ወላጅ ይከታተል ይላል። ነገሩ ከነከናት። እሷ ራሷ እዚያው ብሩክሊን ፓርክ ባለው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ሁለት ዓመት ሆኗታል። መምህርቷ ሚስ ሊንድግረን በየቀኑ ኮሪደር ላይ ሰላም ትላታለች። በአፏ መንገር ስትችል ወረቀት ትልካለች?

ያን ዕለት ማታ የሶሬቲን ታብሌት ወስዳ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

"ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ሰዓት ላይ አልጋሽ ውስጥ ነሽ።"

"ማሚ፣ አይም ኖት ታየርድ" አለች ሶሬቲ። "ክላስ ውስጥ ብቻ ነው። ኤቭሪባዲ ይተኛል።"

ኢብሲቱ ይህን የልጅ ማምለጫ ነው ብላ አለፈችው። ሶሬቲ ለሁለት ሳምንት በጊዜ ተኛች። በሦስተኛው ሳምንት ሁለተኛ ወረቀት መጣ።

ወሩ ኖቬምበር ነበር፤ ዓመቱ 2018። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሶሬቲ በምትማርበት አሥራ አራት ቁጥር ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ አስመለሰውና ኢብሲቱን በሬዲዮ ጠሯት። ባልዲዋን ይዛ ስትገባ ክፍሉ ሞቆ፣ አየሩ የከበደ ሆኖ ጠበቃት። ከሃያ ሰባቱ ልጆች ግማሾቹ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተዋል። ሶሬቲ ቀና ብላ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ግን ፈዟል። ኢብሲቱ ወለሉን ጠርጋ ሳትጨርስ የራሷም ጭንቅላት ይከብዳት ጀመር። ኮሪደር ወጥታ ትንሽ ስትቆም ቀለል አላት።

ሚስ ሊንድግረን ተከትላት ወጣች።

"አንቺንም ራስሽን አመመሽ?" አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "እኔን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ያመኛል። ቤት ሕፃን ልጅ ስላለኝ፣ እንቅልፍ ማጣት ነው ብዬ ነበር።"

ነገሩ ከኢብሲቱ አእምሮ አልወጣም። ያኔ የሕንጻ ማሞቂያ ለማንቀሳቀስ ለሚያስፈልገው የቦይለር ላይሰንስ ፈተና እያጠናች ነበር። መጽሐፉ እንደሚለው እያንዳንዱ ክፍል መስኮት ሥር ያለው ረጅሙ የብረት ሳጥን ሥራው ማሞቅ ብቻ አይደለም። ግድግዳው ላይ ባለው ቀዳዳ ከውጭ ንጹሕ አየር ስቦ፣ አሙቆ ወደ ውስጥ መላክ አለበት። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ሳጥኑ ላይ የተቆለሉትን መጻሕፍት አንሥታ እጇን አስጠጋች። ሞቅ ያለ ነፋስ ይወጣል። ከየት የሚመጣ ነፋስ እንደሆነ ግን ከውስጥ አይታወቅም።

ኮቷን ደርባ በሕንጻው ጀርባ ዞረች። በረዶውን እየረገጠች መስኮቶቹን ቆጥራ አሥራ አራት ቁጥር ሥር ስትደርስ ተንበረከከች። ከብረት ፍርግርጉ ኋላ መሆን የነበረበት ክፍት ቀዳዳ ነው። እሷ ያየችው ግን በደንብ ተለክቶ የተቆረጠ፣ የጡቡን ቀለም የተቀባ ኮምፔንሳቶ ነበር።

የሕንጻው ኢንጂነር ጋሽ ተካ ይባላሉ። እዚያ ትምህርት ቤት ሃያ ዓመት ሠርተዋል። ኢብሲቱን ሥራ ያስለመዷት፣ "ላይሰንስ አውጪ፣ በመጥረጊያ አትቅሪ" ብለው የጎተጎቷት እሳቸው ናቸው። ቦይለር ክፍል ውስጥ አገኘቻቸው።

"ጋሽ ተካ፣ የአሥራ አራት ቁጥር የአየር መግቢያ ከውጭ በኮምፔንሳቶ ተዘግቷል። ያውቃሉ?"

ጋሽ ተካ የያዙትን ካቻቢቴ አስቀመጡ።

"አውቃለሁ" አሉ። "የዘጋሁት እኔ ነኝ።"

ከአምስት ዓመት በፊት በከባድ ብርድ ከውጭ የገባው አየር በሳጥኑ ቧንቧ ውስጥ ያለውን ውሃ በረዶ አደረገው። ቧንቧው ቅዳሜና እሑድ ፈንድቶ ሦስት ክፍል በውሃ ተጥለቀለቀ። የዚያን ጊዜው ርእሰ መምህር ጋሽ ተካን ሰው ፊት አዋረዷቸው፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ፋይላቸው ውስጥ ገባ። በሳምንቱ ጋሽ ተካ በሰሜን በኩል ያሉትን የስምንቱንም ክፍሎች ቀዳዳ ደፈኑ።

"ለዚያ ዊንተር ብቻ ብዬ ነበር" አሉ። "ዊንተሩ አለፈ፣ ቧንቧም አልፈነዳም፣ ማንም አልጠየቀኝም። እኔም ተውኩት።"

"ልጄ እዚያ ክፍል ነው የምትማረው።"

ኢብሲቱ ልቧ ለሁለት ተከፈለ። እኚህ ሰው መኪናዋ በተበላሸ ጊዜ አንድ ወር ሙሉ ከቤቷ እየወሰዱ ሥራ ያደረሷት ናቸው። ግን የሶሬቲ የፈዘዘ ዓይን ከፊቷ አልሄድ አለ።

"እርስዎ ቢናገሩት ይሻላል" አለች በመጨረሻ። "እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ። ከዚያ እኔ እናገራለሁ።"

ለሁለት ቀን አላነጋገሯትም። ሐሙስ ጠዋት የእጅ ስልክ የምታክል መለኪያ ተውሰው መጡና አሥራ አራት ቁጥር መደርደሪያ ላይ አኖሯት። ሰው ሲተነፍስ የሚያስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ክፍል ውስጥ ምን ያህል እንደተጠራቀመ የምትናገር ናት። ውጭ ስትለካ አራት መቶ አካባቢ አሳይታ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ከሺህ ብዙ ማለፍ የለበትም። ከምሳ በፊት ሺህ ሁለት መቶ አለች። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ደረሰች። ጋሽ ተካ በተኙት ልጆች መካከል ቆመው ቁጥሩን ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ በቀጥታ ወደ ርእሰ መምህርቷ ቢሮ ሄዱ፤ ኢብሲቱንም አስጠሯት።

"ኮምፔንሳቶውን ያደረግሁት እኔ ነኝ" አሉ ቆመው። "ያገኘችው እሷ ናት። እንደዚሁ ይጻፍልኝ።"

ርእሰ መምህርቷ ለቦታው አዲስ ነበረች። አልጮኸችም። ስንት ክፍል እንደሆነና ምን እንደሚያስፈልግ ጠየቀች። ጋሽ ተካ መልሱን አዘጋጅተው ነበር፦ ኮምፔንሳቶው ይነሣ፤ ለእያንዳንዱ ሳጥን ቧንቧው ሊቀዘቅዝ ሲል የአየሩን መግቢያ ራሱ የሚዘጋ መቆጣጠሪያ ይገጠም። ለገና ዕረፍት ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ተገጠመ። ጋሽ ተካም ሁለተኛ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው፤ ፈርመው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ የማይረሳ ብርድ መጣ። ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት ፋራናይት ሲሆን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ጋሽ ተካና ኢብሲቱ ግን ገቡ። ሰው በሌለበት ሕንጻ ውስጥ ከክፍል ክፍል እየዞሩ ቧንቧዎቹን በእጃቸው ዳሰሱ። አሥራ አራት ቁጥር ሲደርሱ የአየሩ መግቢያ በራሱ ተዘግቷል፤ ቧንቧውም ይሞቃል። ጋሽ ተካ እጃቸውን ከቧንቧው ላይ ቶሎ አላነሡም።

"ያኔ ይሄ ቢኖር..." ብለው ተዉት።

ብርዱ ሲያልፍ ልጆቹ ተመለሱ፤ መግቢያዎቹም እንደገና ተከፈቱ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኢብሲቱ በበሩ መስታወት ብታይ ሃያ ሰባቱም ልጆች ቀና ብለዋል። ሶሬቲ እንድትጠራ እጇን አውጥታ፣ ከወንበሯ ብድግ ልትል ምንም አልቀራትም። መለኪያዋ ስምንት መቶ ሃምሳ ትላለች። ሚስ ሊንድግረን ኢብሲቱን አይታ ወጣችና፣ ስለ ወረቀቶቹ በአፏ ይቅርታ ጠየቀቻት።

በማርች ኢብሲቱ ሴንት ፖል ሄዳ የቦይለሩን ፈተና ተፈተነች፤ አለፈች። የወሰዷት ጋሽ ተካ ነበሩ። ሲመለሱ ስኔሊንግ አቨኒው ላይ ምሳ ጋበዟት። ግማሹን እንደበሉ ስታስበው የከረመችውን ጠየቀቻቸው።

"ጋሽ ተካ፣ ተቀይመውኛል?"

"ሁለት ቀን" አሉ ጋሽ ተካ። "በሦስተኛው ቀን ልጆቹን አየኋቸው።" እጃቸውን በሶፍት ጠረጉ። "ይልቅ የጂሙን ጣሪያ አይተሽዋል? ያ አየር የሚያወጣው ትልቁ ፋን የሚዞር አይመስለኝም።"

"እኔም አይመስለኝም" አለች ኢብሲቱ።

"እንግዲያው ሰኞ መሰላል እናውጣ።"