ሰባት ሺህ ዘፈን በአንድ ስልክ

ባለቤቴ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሠላሳ ዓመት በአንዲት ክፍል፣ እሱ በዚያ ጥግ እኔ በዚህ ጥግ፣ እየተጨቃጨቅን ሠራን። አሁን ኩላሊቱ እምቢ አለና በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት ደሙ በማሽን ሊታጠብ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሲቃረብ ፈራ። እሱ ግን ሞቶ "ፈራሁ" አይልም።

"ዘፈኖቼን ስልኬ ላይ ጫኚልኝ፤ ያለነሱ እዚያ አልቀመጥም" አለኝ።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ሰባት ሺህ ዘፈን አለ፤ ሁሉንም ከካሴት የገለበጠው ራሱ ነው። ዛሬ ዛሬ ዓይኑ ስለደከመ ጣጣው እኔ ላይ ወደቀ። እኔ ደግሞ ከመርፌ ቀዳዳ ሌላ የማውቀው የለኝ! ለልጃችን ደወልኩ።

"እማዬ፣ ገመዱን ሰኪና 'አመሳስል' የሚለውን ተጫኚ፣ በቃ።"

ተጫንኩ። አንዲት መስመር ሄደች፣ ሄደችና ቆመች። "ቦታ የለም" ይላል። ዘፈን ከመቼ ወዲህ ነው ቦታ የሚይዘው? ደግሜ ብጫን የተጫኑት ዘፈኖች ቁጥር ጨመረ፤ ሦስተኛ ብጫን ቀነሰ። አሁን ማን ይሙት፣ የት ነው የሚሄዱት? ጭንቅላቴ ዞረ።

በኋላ ሳየው ለካ ሁለት ፎልደር ነው፤ አንዱ "በማይክ"፣ አንዱ "በገመድ" ይላል፤ ዘፈኖቹ ያው ናቸው። ሰውዬው ድሮ ማይክ ቴፑ ፊት ደቅኖ ነበር የሚቀዳው፤ ኋላ ገመድ አበጀና ሁሉንም እንደ አዲስ ቀዳ። ከፍቼ ሰማኋቸው። የገመዱ ጥርት ያለ ነው። የማይኩ ከጀርባው ትር ትር ይላል፣ ያሰለቻል።

"ወይ አንተ፣ አሮጌውን ምን ታቅፈህ ትኖራለህ!" ብዬ የማይኩን በሙሉ አጠፋሁ። መቼም ቁርጥራጭ ሳልጠርግ አልነሳም፤ የኮምፒውተሩን የቆሻሻ ቅርጫት ሳይቀር ባዶ አደረግሁ። እንደገና ሳመሳስል ስልኩ የቀረውን ሁሉ ዋጥ አደረገ። ኮራሁ እንጂ!

ማክሰኞ ጠዋት ልጃችን ባለቤቴን ሆስፒታል ይዛው ሄደች። እኔ የተማሪዎች ደንብ ልብስ አስቸኩሎኝ ቀረሁ፣ ልቤ ግን አብሮት ሄደ። አንድ ሰዓት እንዳለፈ በልጅቷ ስልክ ደወለ።

"አንቺ፣ ዘፈኖቼን ምን አደረግሻቸው? ባዶ ናቸው።"

"ዘፋኙ አይዘፍንም?"

"ይዘፍናል።"

"ታዲያ ባዶ ማለት ምንድን ነው? ኧረ በፈጣሪ አታሳብደኝ!"

ከአጠገቡ ያ ማሽን ጢጥ ጢጥ ይላል። "የማይኮቹ የት አሉ?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"እነዚያ ትር ትር የሚሉት? አጠፋኋቸዋ!"

"እሱ እኮ አንቺ ነሽ። የስፌት መኪናሽ ነው። አንዳንዱ ላይ ስትሳደቢም ይሰማል።"

የያዝኩት ጨርቅ ከእጄ ወደቀ። ያኔ በማይክ ሲቀዳ "ዝም በይ፣ እየቀዳሁ ነው!" እያለ ሲነዘንዘኝ የኖረ ሰው! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ የምለቅመው እንኳ አላስቀረሁም። ተናደድኩ፣ አፈርኩ። ምነው አንድ ቀን እንኳ ቢነግረኝ?

"ፈርተሃል?" አልኩት።

"ትንሽ።"

"በል ዘፈኑን ክፈትና ይቺን ስልክ ጆሮህ ላይ አድርግ። እንዳትዘጋው።"

የኔን ስልክ ከስፌት መኪናዬ ጎን አስቀመጥኩና መርገጫውን ረገጥኩ። ክሩ አለቀ፤ አላቆምኩም።

"ስድቡስ?" አለኝ ከወዲያ።

"አንተ የማትረባ ሽማግሌ!" አልኩት እያለቀስኩ፤ የቀረውን ሦስት ሰዓት ያለ ክር ሰፋሁለት።