እግሬና የሌንጮ አክስት

«ከዘራችሁ ዝሆኔ የያዘው ሰው አለ?»

እትዬ ቦሰና ይህን የጠየቁኝ እጃቸውን ታጥበው ማዕድ ላይ ገና እንደተቀመጡ ነው። ልጄን ርሆቦትን ሌንጮ የሚባል ልጅ ሊያገባት ፈልጎ ነበር። አሳዳጊው እሳቸው ናቸው፤ አክስቱ። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ቤታችንን ሊያዩ ብቻቸውን መጡ። ወጥ ላወጣላቸው ጎንበስ ስል ቀሚሴ ከፍ አለና ግራ እግሬን አዩት። ከቁርጭምጭሚቴ በላይ አብጧል፤ ቆዳው ጠቁሯል፤ በውስጥ በኩል አልድን ያለኝን ቁስል በጨርቅ ሸፍኜዋለሁ።

እናቴም በእርጅናዋ እግሯ ያብጥ ነበር፤ ምን እንደነበረ ግን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ዝሆኔ አለበት ከተባለ ቤት ልጅ የሚያገባ እንደማይገኝ ግን አውቃለሁ።

«ድካም ነው እትዬ» አልኳቸው።

«ድካም ቆዳ አያጠቁርም» አሉኝና ጉርሻቸውን ጠቀለሉ።

እኔ ዊንጌት አካባቢ በአንድ ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ነኝ። ከጠዋት ጀምሮ ምድጃ ፊት እቆማለሁ። ሲመሽ እግሬ ድንጋይ የተጫነበት ያህል ይከብደኛል፤ ያሳክከኛል፤ ጫማዬ ይጠበኛል። ከሥራ በኋላ የጎልማሶች ትምህርት ስገባ ሰው እንዳያየው ዴስኩ ሥር እደብቀዋለሁ። ተኝቼ ስነሳ ደግሞ ቀልሎኝ አገኘዋለሁ። እብጠቱ ወደ ላይ እንዳይወጣ ብዬ ከጉልበቴ በታች በመቀነት ጥብቅ አድርጌ አስረው ነበር። ቤት ስገባም ጨው በተጨመረበት ሙቅ ውሃ ውስጥ እዘፈዝፈዋለሁ። ጎረቤቶቼም እንደዚያው ያደርጋሉ።

እትዬ ቦሰና ከሄዱ በኋላ የተጠየቅሁትን ለርሆቦት ነገርኳት።

«እማ፣ ነገውኑ ትታያለሽ» አለችኝ። ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው።

«ዝሆኔ ነው ቢሉኝስ?»

«ቢሉሽ ትታከሚያለሽ።»

«አንቺስ? ሌንጮስ?»

«ሌንጮ የሚያገባው እኔን ነው ወይስ እግርሽን?» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ከፋርማሲዋ አለፍ ብሎ ያለ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው። አስቁሞ ሁለቱንም እግሬን አየ። ባቴ ላይ ያበጡትን ጠመዝማዛ ሥሮች በጣቱ ተከተላቸው።

«ጠዋት ይሻልዎታል፤ ማታ ይብስብዎታል አይደል?»

«ማን ነገረህ?»

«እግርዎ ነዋ» አለና ፈገግ አለ።

ከዚያ ቀዝቃዛ ነገር ቀብቶ በአልትራሳውንድ አየው። ደም ወደ እግር ለመውረድ አይቸገርም አለኝ፤ የሚቸግረው ወደ ላይ መመለሱ ነው። ሥሮቹ ውስጥ ደሙን አሳልፈው የሚዘጉ ትንንሽ በሮች አሉ። የእኔዎቹ በደንብ አይዘጉም። ስለዚህ ደሙ ተመልሶ ቁርጭምጭሚቴ ጋ ይጠራቀማል። እብጠቱም ጥቁረቱም ቁስሉም የመጣው ከዚያ ነው።

«ዝሆኔ አይደለም?»

«አይደለም። እሱ አብዛኛውን ጊዜ ከጣቶች ይጀምርና ቆዳውን ያሻክራል። ዝሆኔ ቢሆንም እንኳ በመነካካት አይተላለፍም፤ ይታከማል። ሊያፍሩበት አይገባም።»

«እንግዲያው የዘር አይደለም ማለት ነው!» አልኩ፤ ልነሳም ቃጣኝ።

«እሱንስ አልልዎትም። ደካማ የደም ሥር በቤተሰብ ሊኖር ይችላል። ብዙ መቆምና እርግዝና ያባብሱታል።»

ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ነርሷ ዘይነብ ቁስሉን ልታጥብልኝ ስትል የመቀነቱን ምልክት አየች።

«ይሄንን ማን ነው ያሰረው?»

«እኔ ነኝ። ወደ ላይ እንዳይወጣ ብዬ።»

«እናቴ፣ መውጣትማ አለበት! መንገዱን እኮ ነው የዘጉበት!»

መጀመሪያ ወደ እግሬ የሚወርደው ደም በቂ መሆኑን ለኩ፤ እሱ ሳይታወቅ አጥብቆ ማሰር አደጋ አለው አሉኝ። ከዚያ ዘይነብ ከጣቶቼ ሥር ጀምራ ወደ ላይ በፋሻ ጠቀለለችኝ፤ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ጉልበቴ ስትቀርብ ላላ አደረገችው፤ ደሙን ወደ ላይ የሚገፋው እንዲህ ሲሆን ነው አለችኝ። ሙቅ ውሃውን አስተወችኝ። ስተኛ እግሬን ከልቤ ከፍ አድርጌ ትራስ ላይ እንድሰቅል፣ እንድራመድ፣ መቆም ግድ ሲሆንብኝም ተረከዜን ከፍ ዝቅ እንዳደርግ ነገረችኝ።

ምድጃው ፊት ቆሜ ተረከዜን ከፍ ዝቅ ሳደርግ አብራኝ የምትሠራው ዓለሜ አየችኝ። «ምነው፣ ወጡ ዘፈነልሽ?» ብላ የማዕድ ቤቱን ሰው ሁሉ አሳቀችብኝ። ይሳቁ ብዬ ቀጠልኩ። ቁስሉ ቶሎ አልዳነም። ክሊኒኩ እየተመላለስኩ ታጠበልኝ፤ እየጠበበ ሄዶ ክረምቱ ሲወጣ ተዘጋ። ያኔ በፋሻው ፈንታ ጠባብ የሕክምና ካልሲ ሰጡኝ።

እትዬ ቦሰና እንደገና የመጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሌንጮን ይዘው። ርሆቦት ወደ ጓዳ ጠርታኝ «ዝሆኔ አይደለም በያቸውና በቃ፣ ዝም በይ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ፊታቸው ስቀመጥ ግን አልቻልኩም። ነገሩን ደብቄ ልጄን ብድራት ነገ በሰው ቤት ማን ያምናታል?

«እትዬ፣ ያን ጊዜ አላወቅሁምና አልመለስኩልዎትም። ዝሆኔ አይደለም፤ የደም ሥር ነው። ግን በቤተሰብ ሊኖር ይችላል ብለውኛል። እናቴም ሳይኖርባት አልቀረም። ርሆቦትም ቆማ ነው የምትውለው፤ አንድ ቀን ሊመጣባት ይችላል። ከአሁኑ ከተጠነቀቀች ግን የእኔን ያህል አይጎዳትም።»

ሌንጮ የርሆቦትን እግር አየ። ከዚያ ስልኩን አወጣ። ስልኩ ሲጠራ አልሰማሁም።

«አንዴ ላናግር፣ መጣሁ» ብሎ ወጣ።

እትዬ ቦሰና ዓይናቸውን ከበሩ መለሱ። «እኛ እህቴን እግሯን ደብቀን ነው የዳርናት» አሉ። «ባሏ ያየው ለት መለሳት። የጠየቅሁሽ እንዳትዋሺኝ ነበር እንጂ ልጅሽን ለመጣል አይደለም።» የመጀመሪያው ቀን አንቱ ይሉኝ ነበር፤ አሁን አንቺ አሉኝ።

ርሆቦት በሩ ጋ ሄዳ ወደ ዳገቱ መንገድ ተመለከተች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል።

«የእሱ እግር እንኳ ጤነኛ ነው» አለች። «ዳገቱን ጨርሶታል።»

እትዬ ቦሰና ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ወዲያው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ እጇን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧት።

ሌንጮ አልተመለሰም። እትዬ ቦሰና እስኪመሽ ድረስ ከእኛ ጋር ቆዩ።