የፋብሪካው ዋና ሞላ

ከውጭ የመጣ ፍራሽ ገዢ ፋብሪካውን ጎብኝቶ ሲሰናበት የሥራ አስኪያጁን እጅ ጨብጦ፣ «እርስዎ የዚህ ቤት ሜይንስፕሪንግ ነዎት» አላቸው። ሥራ አስኪያጁ አመሰገኑ። ምን እንደተባሉ ግን አልገባቸውም። አጠገባቸው የቆመው ምክትላቸውም አልገባውም፤ ይሁንና ከሁሉም ቀድሞ ያጨበጨበው እሱ ነበር።

በዚያ ፋብሪካ የማያውቁትን ቃል ትርጉም መጠየቅ ነውር ነው። ያልገባው ራሱን ይነቀንቃል፤ ጭራሽ ያልገባው ያጨበጭባል። ስለዚህ ቃሉ ማንም ሳይጠይቀው ከቢሮ ቢሮ ዞረ። የሽያጭ ኃላፊው በስብሰባ ላይ ደጋግሞ ተጠቀመበት። የጥበቃ ኃላፊውማ ዘበኞቹን ሰብስቦ «ሜይንስፕሪንግ ይኑራችሁ እንጂ!» ብሎ ተቆጣቸው። ዘበኞቹም እንዲኖራቸው ቃል ገቡ።

በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ተርጓሚዋን አስጠሩ። ተርጓሚዋ የኮንትራት ሠራተኛ ናት፤ የፋብሪካውን ደብዳቤ ትተረጉማለች፣ የእሳቸውንም ንግግር ትጽፋለች። ኮንትራቷ በየሦስት ወሩ ይታደሳል። «ቋሚ ትሆኛለሽ» መባል ከጀመረች ግን ስንት ዘመኗ! ቋሚ ላልሆነ ሰው ቤት አከራይም ፊቱን ያዞራልና፣ የምታድረው በታላቅ እህቷ ሳሎን፣ ሶፋ ላይ ነው። ፍራሽ ፋብሪካ ውስጥ እየሠራች።

«የምሥረታ በዓላችን ደርሷል» አሏት ሥራ አስኪያጁ። «የዚህን ቃል ትርጉምና አመጣጥ አጣርተሽ ንግግር ጻፊልኝ። ምን እንደተባልኩ ሠራተኛው ይወቅልኝ። ካማረ የቋሚነትሽንም ነገር እንቋጨዋለን።»

ደስ ብሏት መዝገበ ቃላት ገለጠች። ቃሉ «ዋና አንቀሳቃሽ ኃይል» ማለት ነው። የመጣው ከሰዓት ሠሪዎች ነው፤ በድሮ ሰዓት ሆድ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ የብረት ሞላ አለ፣ ባለጥርስ መዘውሮቹን ሁሉ የሚያዞረው እሱ ነው። ኋላ ሰዎች ስሙን ለሰውም ለሐሳብም አዋሱት። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ለሥራ አስኪያጁ በልካቸው የተሰፋ ሙሉ ልብስ ነበር። ጣጣው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ሞላው የራሱ ጉልበት የለውም። ጠዋት ጠዋት የሚሞላው እጅ ያስፈልገዋል። እጁ ከተወው ላልቶ ይተኛል፣ ሰዓቱም ይቆማል።

እራት ላይ ለእህቷ ነገረቻት።

«ግማሹን ጻፊ፣ ግማሹን ዋጪው» አለች እህቷ። «ዝም አይነቅዝም።»

«እትዬ፣ ግማሽ ትርጉም እኮ ውሸት ነው።»

«ይሁና! ውሸቱ ቋሚ ያደርግሻል፣ እውነቱ እዚሁ ሶፋዬ ላይ ያስቀርሻል። እኔ እንደሆንኩ አላባርርሽም፤ ወገብሽን ግን እዘኚለት።»

ተርጓሚዋ ሁሉንም ጻፈችው። ለትርጉም ክብር ብላ ብቻ አይደለም፤ እነዚያ ሁሉ የታደሱ ሦስት ወሮች አንጀቷን አሳርረዋታል። ደግሞም ሥራ አስኪያጁ ንግግራቸውን አስቀድመው እንደማያነቡ ታውቃለች። ቀድሞ የሚያነብ በራሱ የማይተማመን ነው ባይ ናቸው።

በበዓሉ ቀን ሠራተኛው በስፖንጅ ክምር መሀል ቆመ። ሥራ አስኪያጁ መድረክ ላይ ወጥተው የመጀመሪያውን ገጽ አንበለበሉት። ምክትሉ እሳቸው መነጽራቸውን ከፍ ባደረጉ ቁጥር ያጨበጭባል፣ አዳራሹም ይከተለዋል። ከዚያ ገጹን ገለጡ።

«ሞላ ግን» አሉ፣ በዚያው ነጎድጓድ ድምፃቸው፣ «የራሱ ጉልበት የለውም! ጉልበቱ የሚሞላው እጅ ነው! እጁ አንድ ቀን ከተወው ሞላው ላልቶ ይተኛል!»

መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። ምክትሉ አጨበጨበ። ብቻውን። የፍራሽ ልብስ ሰፊዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዷ አፏን በሻርፗ ያዘች፣ ከኋላ አንዱን ሳቅ አመለጠው፣ አዳራሹም በሳቅ ፈረሰ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሥራ አስኪያጁ ሳቁን ደስታ መስሏቸው ዐረፍተ ነገሩን ደገሙት። ተርጓሚዋ የስፖንጅ ክምር ውስጥ ብትሰምጥ በወደደች።

ከበዓሉ በኋላ ተጠራች። ዕቃዋን በፌስታል ሰብስባ ነው የሄደችው። ሥራ አስኪያጁ ሁለቱን ገጾች ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው፣ አሁን ገና፣ በዝምታ ያነቡ ነበር። አንብበው ሲጨርሱ ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈለገች፤ አጣች።

«ጥሩ ጽሑፍ ነው» አሉ።

«አመሰግናለሁ፣ ጌታዬ።»

«እንዲህ ያለ ጽሑፍ ቋሚ ሠራተኛ አይጽፈውም። ቋሚ ሠራተኛ ይተኛል። አንቺው ነሽ ያልሽው፤ ሞላ በየጊዜው ካልሞሉት ይላላል።» የኮንትራቱን ወረቀት ወደ እሷ ገፋ አደረጉ። «እኛም በየሦስት ወሩ እንሞላሻለን።»

ተርጓሚዋ ወረቀቱን ሳበችው። ነገሩ አበሳጫት፤ ከሁሉ በላይ ያበሳጫት ግን ዐረፍተ ነገሩ የራሷ መሆኑ ነው። ፈረመች።

ቤት ስትገባ እህቷ ገና ከበሩ፣ «እህሳ፣ ምን አሉሽ? አልገባቸውም አይደል?» አለቻት።

ፌስታሏን ሶፋው ላይ ጣል አደረገች።

«ኧረ ገብቷቸዋል፣ እትዬ» አለች። «ከእኔ በላይ ገብቷቸዋል።»