ኳሱ ለማን ይሰጥ

በየዓመቱ ነሐሴ ሊገባደድ ሲል፣ ስምንት የማንስፊልድ ከተማ ጓደኛሞች ከመካከላችን የሎሬታ ጋራዥ ውስጥ ተሰብስበን ለፋንታሲ ውድድር የየራሳችንን የምናብ ቡድን እንመርጣለን። በየተራ እውነተኛ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾችን እንወስዳለን፤ ከዚያ የወሰድነው ሰው ኳሷን በእጁ ይዞ በሮጠ ቁጥር ነጥብ ይቆጠርልናል።

ከመካከላችን ሮይስ ለአስራ አንድ ዓመት፣ በየዓመቱ አንድ ገና ያልተፈተነ ወጣት ሯጭ ሲመርጥ ኖረ። ወጣቱ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይከርማል፤ ሮይስም መጨረሻ ይወጣል። ምክንያቱን እናውቃለን። ተማሪ ሳለን በትምህርት ቤታችን ቡድን ከሮይስ የሚፈጥን አልነበረም፤ አሰልጣኙ ግን ኳሷን የሚሰጠው ለቬርነን ነበር። ቬርነንም ከስምንታችን አንዱ ነው።

ባለፈው ዓመት የሮይስ ተራ ሲደርስ ሁለት ደህና ሯጮች ቀርተው ነበር። ማሎሪ ሠላሳ ሊሞላው ነው፤ ፍጥነት የለውም፤ ግን ቡድኑ ሌላ ሯጭ ስለሌለው በየጨዋታው ሃያ ጊዜ ኳስ ይሰጠዋል። ፕሪቼት ገና ከኮሌጅ መምጣቱ ነው፤ ሲሮጥ ያየው ሁሉ አፉን ይይዛል፤ በቡድኑ ግን ከፊቱ ነባር ሯጭ አለ።

"ፕሪቼት ልትል ነው አይደል?" አለች ሎሬታ። "ልጻፈውና እንገላገል።"

"ዕድል ካልሰጡት ችሎታው በምን ይታወቃል?" አለ ሮይስ። "ቬርነን ይመስክር። እበልጠው ነበር።"

"ትበልጠኝ ነበር" አለ ቬርነን። "በጣም።"

በሠላሳ ዓመት እንዲህ ብሎ አያውቅም።

"ታዲያ አሰልጣኙ ለምን አንተን መረጠ?" አለ ሮይስ።

"ኳሷ በእጅህ ስትሆን የሚነካህ የለም። በሌላ ሰው እጅ ስትሆን ግን ቆመህ ታያለህ። ኳስ ወርዋሪያችንን ተጋጣሚዎች ሊጥሉት ሲመጡ ፊታቸው ቆሞ መጋጨት የኛ የሯጮቹ ሥራ ነበር። አሰልጣኙ ሁለቴ ነገረህ፤ ከዚያ ተወህ።"

"አንተስ ለምን አልነገርከኝም?"

"ቦታውን እፈልገው ነበራ።"

ሮይስ ስልኩን አውጥቶ የፕሪቼትን የኮሌጅ ጨዋታዎች ማየት ጀመረ፤ ሩጫውን እየዘለለ፣ ኳስ ሳይዝ የሚያደርገውን ብቻ።

"ኧረ ይመሻል" አልኩት።

"ጻፊው" አለ በመጨረሻ። "ይሄ ልጅ ይጋጫል።"

ማሎሪን ቬርነን ወሰደው።

ፕሪቼት እስከ ጥቅምት ወንበር ላይ ነበር፤ እኛም ሮይስን በፌዝ አልማርነውም። ከዚያ የፕሪቼት ቡድን አሰልጣኝ ወርዋሪውን እንዲጠብቅ እያለ ያስገባው ጀመር፤ ኅዳር ላይ ኳሷም የእሱ ሆነች። ሮይስ አራተኛ ወጣ። ቬርነን ከነማሎሪው ሁለተኛ።

አራተኛነት ሽልማት የለውም። ሮይስ ግን ከኅዳር ጀምሮ እሁድ እሁድ ጨዋታውን የሚያየው ቬርነን ቤት ነው።