የኤፍራታ መርዶ

ኤፍራታ ከፈረንሳይ ብሔራዊ ቡድን የወጣችው ጉልበቷ አልሽር ብሎ ነው ብለው ጽፈዋል። ጋዜጠኛ ያላወቀውን መጻፍ መቼ ይቸግረዋል! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተከላካይ ሆና፣ አፍንጫዋ ተሰብሮ፣ ቅንድቧ ተሰፍቶ የተጫወተች ልጅ ለጉልበት ብላ አታቆምም። ያስቆምኳት እኔ ነኝ፤ አጎቷ ሃብታሙ።

እናቷ ፋናዬ ታናሽ እህቴ ናት። ኤፍራታን ሊዮን ወልዳ ብቻዋን አሳደገቻት። ልጅቷ አሥራ ስምንት ሲሞላት ለኳስ ብላ ትምህርቷን ስትተው ተቀያየሙና ፋናዬ ቶሮንቶ እኔ ዘንድ መጣች፤ ቶርንክሊፍ ፓርክ፣ እኔ ካለሁበት ሕንፃ ሁለት ፎቅ ከፍ ብላ ትኖር ነበር። በኋላ ታርቀው በየቀኑ ይደዋወሉ ጀመር። ስለ ኳስ ግን አንድ ቃል አይነሳም። ፋናዬ የልጇን ጨዋታ አንድም ቀን አይታ አታውቅም። «ልጄ ስትረገጥ ቁጭ ብዬ ልይ?» ትላለች። ኤፍራታ ደግሞ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ እኔ ጋ ትደውላለች። «ቶንቶን፣ እማዬ አየችኝ?» ፈረንሳዮች አጎትን እንዲህ ነው የሚጠሩት። ሁልጊዜ «አላየችሽም» እላታለሁ።

ባለፈው ሐምሌ ፋናዬ ጉበቷን ታማ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ አውሮፓ ውስጥ ትልቁ ውድድር ተጀመረ። ቅዳሜ ዕለት፣ ኤፍራታ የመጀመሪያውን ጨዋታ ስትጫወት፣ ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። «እስቲ ያን ስልክህን ክፈተው» አለችኝ። ዘጠና ደቂቃውን እጇን አፏ ላይ ጭና ጨረሰችው። ሲያልቅ፣ «ማንንም አላሳለፈችም» አለች። «ንገራት፣ አይቻታለሁ። ኮርቼባታለሁ።»

እኔ ጅሉ፣ ነገ ራሷ በአፏ ብትነግራት ይሻላል ብዬ ዝም አልኩ። እሑድ ራሷን ሳተች። ማክሰኞ ዐረፈች።

ለኤፍራታ ማን ይንገራት? በእኛ ደንብ መርዶ የሚነገረው ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ከቤት ነው። «ሰው አገር፣ ሆቴል ውስጥ ብቻዋን ትስማው? ማን ደግፎ ይይዛታል?» አሉ የዕድራችን ትልቅ ሰው እትዬ ቦጋለች። ነገሩን ያስጀመርኩት ግን እኔው ነበርኩ። ውድድሩ እስኪያልቅ ይደበቅ፣ አንዲት ፎቶ ፌስቡክ ላይ እንዳትወጣ አልኩ። ልጄ ጸዮን ብቻ ተቃወመች።

«ባባ፣ ራይት አላት! ኮል እናድርጋትና ቀብሩን ዲሌይ እናድርገው።»

«አንቺ ስለ መርዶ ምን ታውቂያለሽ?» ብዬ ዝም አሰኘኋት። አስማልኳትም።

ረቡዕ ኤፍራታ ሁለተኛውን ጨዋታ ተጫወተች። ሐሙስ ፋናዬን ቀበርን። ከቀብር ተመልሰን በር ላይ እጃችንን እየታጠብን ስልኬ ጠራ።

«ቶንቶን፣ ትናንት አየችኝ?»

እጄ እንደረጠበ ነው። ከአፌ የወጣው የፋናዬ ቃል ሆነ። «አዎ፣ አየችሽ። ማንንም አላሳለፈችም አለች። ኮርቼባታለሁ ብላለች።»

ስልኩ ውስጥ እንደ ሕፃን አለቀሰች። «አገናኘኝ» ስትለኝ «ተኝታለች» አልኳት። በማግስቱም በየቀኑም ስትደውል፣ ሐኪሞቹ በስልክ እንዳታወራ ከልክለዋታል እያልኩ አሳለፍኩ።

ከዚያ ወዲያ አቋሟ ተለወጠ። ሦስተኛውን ጨዋታ ስትጫወት ሜዳው የአባቷ ርስት ነበር የሚመስለው። የእኔ ውሸት ግን እነሱ ባሸነፉ ቁጥር እየረዘመ ሄደ። በመጨረሻ እንዲሸነፉ ተሳልኩ። የገዛ እህቴ ልጅ እንድትሸነፍ! ሩብ ፍጻሜ ላይ ሲሸነፉ እፎይ አልኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሰኞ ማታ ከኤርፖርት ተቀበልኳት። «ቀጥታ ሆስፒታል» አለች። የመጠየቂያ ሰዓት አልፏል፣ ነገ በጠዋት እንሄዳለን አልኳት። አመነችኝ። እኔ ቤት በላች፤ ተኛች።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እትዬ ቦጋለች ጥቁር የለበሱ አምስት ሰዎች አስከትለው በሊፍት ወጡ። ኤፍራታ በሩ ሲከፈት ሰምታ በፒጃማዋ ወጣች። አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ልጄ፣ እናትሽ ዐርፋለች» አሉ እትዬ ቦጋለች።

ሁላችንም ጮኸን አለቀስን። እሷ ግን ቆማ ቀረች።

«መቼ?»

የመለሰችላት ጸዮን ናት። «የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ ማክሰኞ። ሐሙስ ተቀበረች።»

«ሐሙስ» አለች ኤፍራታ ቀስ ብላ። ወደ እኔ ዞረች። «ቶንቶን፣ ረቡዕ አየችኝ ብለህ የነገርከኝ ሐሙስ ነው።»

ያን ጊዜ እውነቱን ዘረገፍኩት። ቅዳሜን፣ ስልኩን፣ እጇን አፏ ላይ መጫኗን። ቃሉ የራሷ የፋናዬ ነው፣ እኔ የዋሸሁት ቀኑን ብቻ ነው አልኩ።

«ቅዳሜ አንቺም እዚያ ነበርሽ?» አለቻት ጸዮንን።

«አልነበርኩም» አለች ጸዮን።

ሐሰት ሲናገሩ ውቃቢ ይርቃል ይባላል፤ እኔን የራቀኝ እውነት ስናገር ነው። በፋናዬ አፈር ማልኩላት። እጇን ይዤ ለመንኳት።

ኤፍራታ እጇን አስለቅቃ አቀፈችኝ። የሚያለቅስ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ጀርባዬን መታ መታ አደረገችው።

«ደግ ሰው ነህ፣ ቶንቶን» አለችኝ። «አሁን ግን መዋሸት ይብቃህ።»