አሥራ አንድ ዓመት ያንጠባጠበው ዘይት

«ሰው ለቅሶ ተቀምጦ አንተ መኪና ሥር ልትገባ ነው?» አለች እህቱ በሹክሹክታ፣ የሻይ ትሪውን ደረቷ ላይ ደግፋ።

«ከነገ ወዲያ ልጆችሽን ጭነሽ ሩቅ አገር ልትሄጂባት አይደል? ዘይት እያንጠባጠበች?»

«ትንሽ ናት። እየጨመርን እንሄዳለን። አባባ ራሱ ስንት ዓመት ነድቷታል።»

እናታቸው ከፍራሹ ላይ ሆና ሰማች። «ተወው አንተ። እሱ ያልነካውን አትንካ» አለች። ድምፅዋ የሐዘንተኛ ሳይሆን የፈራ ሰው ነበር።

አልተወውም። አባቱ ከተቀበረ ሦስተኛው ቀን ነው፤ መቀመጡ አንገሽግሾታል።

መኪናዋ ግቢው ጥግ ቆማለች። ሥሯ ሲሚንቶው ላይ የትሪ ስፋት ያለው ጥቁር እድፍ አለ። አባቱ እንግዳ በመጣ ቁጥር እዚያ ድረስ ወስዶ ያሳየው ነበር። «ይቺ የልጄ ፊርማ ናት» ይል ነበር፤ እንግዳው ይስቃል።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ልጁ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ከሞተሯ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ፣ ኮፓውን፣ ፈትቶ ሲመልስ ቡሎኖቹን ከልክ በላይ አጠበቃቸው። ኮፓው ጎበጠ፣ ማሸጊያው ተጨፍልቆ ወጣ። «እኔው ላስተካክለው» ቢል፣ አባቱ «እጅህን ከመኪናዬ» አለው። ከዚያ ወዲያ በአባቱ ጋራዥ ሞተር አልተሰጠውም። ጎማ ፈታ፣ ጎማ አሰረ፣ የተፈታ ዕቃ በናፍጣ አጠበ። ደንበኞች ስሙን ረስተው ፊርማ ይሉታል። አባትየው ግን ራሱ ያጠበቀውን ቡሎን ሁሉ በቀይ ቀለም ነጥብ ያደርግበት ነበር፤ ቀይ ያለበትን ማንም አይነካም።

መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ ጉማጅ እንጨት ደገፈላትና በጀርባው ገባ። የእጅ ባትሪውን አበራ።

ኮፓው እሱ ያጎበጠው አልነበረም። ሌላ ነው፣ ቀጥ ያለ፣ ማሸጊያው ደህና፤ እያንዳንዱ ቡሎን ላይ የደበዘዘ ቀይ ነጥብ አለ። ዘይቱን በጣቱ ወደ ላይ ተከተለው። የሚወርደው ከሞተሩ ጎን ነው፤ እዚያ ከታሰረች፣ አውራ ጣት ከምታህል የዘይት ግፊት መለኪያ። እሷም ላይ ቀይ ነጥብ አለ።

የእሱን ስሕተት አባቱ ድሮ አርሞታል። የሚያንጠባጥበው የአባቱ ሥራ ነበር። ሠላሳ ዓመት መካኒክ የሆነ ሰው ይህን ሳያውቅ አይቀርም።

ለቀስተኞቹ ከተቀመጡባቸው ወንበሮች በኩል ወሬ ይሰማል።

«ጋራዡን ማን ይያዘው ታዲያ?» አለ የጋራዡ ፎርማን፣ የሟች ባልንጀራ። «ልጁ እያለ እኔ ልያዘው ማለት ይከብደኛል።»

«ለፊርማ ከሰጣችሁትማ ሰፈሩ ሁሉ በዘይት ይጥለቀለቃል» አለ ሌላው። አፋቸውን በእጃቸው ከልለው ሳቁ።

ፎርማኑን ጠርቶ እንዲያይ የእጅ ባትሪውን ቢያቀብለው ይበቃ ነበር። ቀዩን ነጥብ ከማንም በላይ የሚያውቅ እሱ ነው። ጋራዡ የልጁ ይሆናል፤ እዚያ ወንበር ላይ የሚሳቅበት ደግሞ ሟቹ። ገና የመቃብሩ አፈር ሳይጠጥር።

ወጥቶ የአባቱን የዕቃ ሣጥን ከፈተ። ከታች አዲስ መለኪያ አገኘ፣ ከነላስቲኩ፣ አቧራ ለብሶ። ተገዝቶ ዓመታት የተቀመጠ ነው። ተመልሶ ገብቶ አሮጌውን ፈታ፣ አዲሱን አሰረ። ጥቂት ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ ጨርቅ ቤንዚን ነከረና የኮፓውን ቀይ ነጥቦች አንድ በአንድ አሻቸው፣ ብረቱ እስኪያበራ።

ሲወጣ ፎርማኑ አየው። «እህሳ ፊርማ፣ ከየት ነው? ከኮፓው አይደል?»

ወንበሩ ሁሉ ወደሱ ዞረ።

«ከኮፓው ነው» አለ። «የኔው ጥፋት ነው። አሁን ቆሟል።»

«ነፍሱን ይማረው፣ ይህን ሳያይ ሄደ» አለ አንዱ። ሳቁ አሁን አልተከለለም። ፎርማኑ ግን አልሳቀም፤ የጋራዡን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ አየውና መልሶ ከተተው። ከዚያ ወዲያ ጋራዡን ማን እንደሚይዝ የጠየቀ የለም።

ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እናቱ እጁን ስባ በሻርፗ ጫፍ ዘይቱን ከጣቶቹ ትጠርግለት ጀመር።

«ታውቂ ነበር?» አላት በቀስታ።

አውራ ጣቱን ጨርሳ ወደ ሌባ ጣቱ ተሻገረች። «ጎበዝ ልጅ» አለች፣ ቀና ሳትል።

እጁን ከእጇ አወጣና የቀረውን በሱሪው ላይ ጠረገው።