የማን ልጅ ደብዳቤ ነው

ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተቋርጦ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጀምር ክሌዎኒስ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ጣል አድርጋ አነሳችው። የኮሚቴው ጸሐፊ ለምሳ ወጥታለች። ስብሰባው ሊጀመር አርባ ደቂቃ ይቀረዋል።

"የዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ነው?" አለች አንዲት ሴት። ከወረቀት ላይ እያነበበች እንደሆነ ከድምፅዋ ያስታውቃል። "ቅጹ ላይ ጥያቄ ያለው በዚህ ቁጥር ይደውል ስለሚል ነው።"

"አዎ፣ ነው። ምን ልርዳሽ?"

"ማኅተም ፈልጌ ነበር።"

ሴትዮዋ ማሪናልቫ እባላለሁ አለች። የምትኖረው ከከተማው በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ፣ ግራናይት የሚፈለጥበት ሰፈር ነው። አንድ ልጇ ዤርሶን የድንጋይ ካባው ውስጥ ሲሠራ የክሬኑ ገመድ ተበጥሶ የተንጠለጠለው ድንጋይ ላዩ ላይ ወደቀ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ከተቀበረ በሦስተኛው ወር ዩኒቨርሲቲው ልጅ የሞተባቸውን እናቶች ሲፈልግ ጎረቤት ነገራትና ሄደች። ጥናቱ የሙታንን ቃል ተቀብሎ የሚጽፍ ሰው በጻፋቸው ደብዳቤዎች ላይ ነው፤ እናቶች ሁለት ደብዳቤ አንብበው ነጥብ ሲሰጡ የልጃቸውን ለይተው ያውቁ እንደሆነ ለማየት።

"የልጄን ደብዳቤ በእጄ ገልብጬ ይዣለሁ" አለች ማሪናልቫ። "ሐሙስ ችሎት አለ። ጠበቃው የዩኒቨርሲቲ ማኅተም ካለበት ዳኛዋ የበለጠ ይሰሙታል አለኝ።"

"የማን ጠበቃ?"

"የካባው ባለቤት ጠበቃ። ደግ ሰው ነው፤ እቤቴ ድረስ መጣ። ልጄ እኮ 'አብሮኝ የነበረውን አትውቀሺ፣ ጥፋቱ የሱ አይደለም' ብሎ ጽፎልኛል። ልጄ ይቅር ያለውን እኔ ልክሰስ እንዴ? ገመዱ አሮጌ ነው ብዬ ለፖሊስ የሰጠሁትን ቃል ላነሳ ነው።"

ክሌዎኒስ የስልኩን ሽቦ ጣቷ ላይ ጠቀለለች።

"ስንት ደብዳቤ ነው የሰጡሽ?"

"ሁለት። አንዱ የሌላ ሰው ልጅ ነው ብለውኛል። የራሷን ግን እናት አታጣውም።"

ክሌዎኒስ የማኅተሙን ጥያቄ ለሚመለከተው ሰው አቀርባለሁ ብላ ስልኩን ዘጋች።

ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የሆስፒታል አንሶላ አጥባ ጡረታ ወጥታለች። አንድ ጊዜ ለስኳር መድኃኒት ሙከራ ፈቃደኛ ሆና ስለነበር፣ ኮሚቴው ከሕዝብ አንድ ሰው ያስፈልገዋል ሲባል እሷን መረጧት። ከዘጠኙ አባላት ስምንቱ የተማሩ ናቸው፤ እሷ የተሳታፊዎች ተወካይ ትባላለች። ይህን ጥናት ካቻምና ሲያጸድቁ እጇን አውጥታለች። ያን ቀን የጠየቀችው እናቶቹ ውሃ ይቀርብላቸው እንደሆነና አውቶቡስ የሚደርስበት ቦታ እንደሆነ ብቻ ነበር።

ስብሰባው ሲጀመር የስልኩን ነገር ለሁሉም ነገረቻቸው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ዶክተር ሶላንዥ ጥናቱን የሚመራውን ዶክተር ኤቫንድሮን አስጠራችው። ኤቫንድሮ ክፉ ሰው አይደለም፤ ተረጋግቶ ነው ያስረዳው። የትኛው ደብዳቤ የማን እንደሆነ የሚያሳየው ዝርዝር በፖስታ ታሽጎ ካዝና ውስጥ ነው። እሱም አያውቀውም። ፖስታው የሚከፈተው የመጨረሻዋ እናት አንብባ ስትጨርስ፣ ከአምስት ወር በኋላ ነው። ያኔ ለሁሉም ይነገራቸዋል። ደብዳቤዎቹ ጥንድ ጥንድ ስለሆኑ የአንዷን መክፈት የሌላዋንም መክፈት ነው፤ የሁለት ዓመት ሥራ ይበላሻል።

"ደግሞም ፈርማለች" አለ። "አንዱ የሌላ ሰው መሆኑ በጽሑፍም በቃልም ተነግሯታል።"

"ልጇን በቀበረች በሦስተኛው ወር ነው የፈረመችው" አለች ክሌዎኒስ። "እኔ ባሌ የሞተ ጊዜ ፊቴ ያስቀመጡልኝን ሁሉ ፈርሜያለሁ። ምን እንደፈረምኩ ያወቅኩት መብራቴን ሊቆርጡ ሲመጡ ነው።"

ሁለት ሰዎች ፈገግ አሉ። ሕግ የሚያስተምረው አባል ኮሚቴው በፍርድ ቤት ጉዳይ እጁን ማስገባት አይችልም አለ። ሌላው፣ ሴትዮዋ ተነግሯት አንድ ነገር ብትሆን ማን ይጠየቃል ሲል ጠየቀ። በመጨረሻ ሶላንዥ፣ ኤቫንድሮ ማብራሪያ በጽሑፍ ያቅርብና በሚቀጥለው ወር ስብሰባ እንየው የሚል ሐሳብ አቀረበች። ሰባት እጅ ወጣ። የተቃወሙት ክሌዎኒስና አንዲት ነርስ ብቻ ነበሩ። ሶላንዥ መዝገቡን ስትዘጋ እዚህ የተባለው እዚህ እንዲቀር፣ ሁሉም የምስጢር ቃል የፈረመ መሆኑን አስታወሰች። ስታስታውስ ክሌዎኒስን አላየቻትም።

ኮሪደሩ ላይ ኤቫንድሮ ተከትሏት መጣ።

"ዶና ክሌዎኒስ፣ ደብዳቤው የልጇ የመሆኑ ዕድል እኮ እኩሌታ ነው" አላት ዝቅ ብሎ። "የልጅሽ አይደለም ቢሏትና የልጇ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ምን ይሏታል?"

እውነቱን ነው። ቤቷ እስክትደርስ ስታሰላስለው ቆየች።

በማግሥቱ ከገበያው ጀርባ ወዳለችው የሰዓት መጠገኛ ሄደች። ደብዳቤዎቹን የጻፉት ሰውዬ ቤላርሚኖ ይባላሉ፤ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ረቡዕና ቅዳሜ የሙታን መንፈስ ይናገራል ብለው በሚያምኑ ሰዎች መሰብሰቢያ ቤት ቁጭ ብለው፣ አይናቸውን ጨፍነው፣ ከማንም አምስት ሳንቲም ሳይቀበሉ ይጽፋሉ። እሳቸውም የጥናቱ ተሳታፊ ናቸው። እንደ ተወካይ እንዴት እየያዟችሁ ነው ብሎ መጠየቅ ሥራዋ ነው፤ ለራሷ እንዲህ አለች። ስለ ጤንነታቸው ከጠየቀቻቸው በኋላ ግን የመጣችበትን ጠየቀች።

"አንድ ደብዳቤ ላይ 'አብሮኝ የነበረውን አትውቀሺ፣ ጥፋቱ የሱ አይደለም' የሚል አለ። ያስታውሱታል?"

ቤላርሚኖ አጉሊ መነጽሩን ከአይናቸው አወረዱ። አብዛኛውን ጊዜ የጻፉትን አያስታውሱም። ይህን ግን ያስታውሳሉ፤ እጃቸውን ሁለት ቀን አሟቸው ነበር። የዩኒቨርሲቲው ሰዎች የሟቹን የመጀመሪያ ስም ብቻ ነው የሚሰጧቸው።

"የዡሳራ ነው" አሉ። "ልጅ ናት። ስጽፍ እንደታየኝ፣ ሞተር ላይ ከወንድ ጓደኛዋ ኋላ ተቀምጣ ነበር። ለእናቷ አልደረሰም እንዴ?"

"ለሁለት እናቶች ነው የደረሰው፣ አባቴ።"

አልገባቸውም። ክሌዎኒስ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው፤ እያንዳንዱ ደብዳቤ ስም እየጠፋበት ሁለት ቤት እንደሚሄድ፣ አንዱ ቤት ትክክለኛው፣ ሌላው ለማመሳከሪያ እንደሆነ። ሽማግሌው ሰሙና በእጃቸው የያዙትን ሰዓት ጨርቁ ላይ አስቀመጡት።

"ይህን አልነገሩኝም።"

"ቅጹ ላይ አለ። ገጽ ስድስት።"

"ስምንት ገጽ ነው ቅጹ። ቅጹን ያመጣችው ልጅ እኔ ላስረዳዎት ብላ አስረዳችኝ፣ ፈረምኩ። አርባ ዓመት ጽፌያለሁ። ሰው ውሸታም ብሎኛል፣ ቄሱ ከመድረክ ሰድበውኛል። ምናልባትም ስቼ ይሆናል፣ አላውቅም። አውቄ ግን የአንዷን ልጅ ለሌላዋ እናት ሰጥቼ አላውቅም። ከዚህ ነገር እንዴት ነው የሚወጣው?"

"በቃኝ ማለት ነው። ምክንያት አይጠየቁም።"

የጥገና ደረሰኝ ጀርባ ላይ ከጥናቱ ወጥቻለሁ የሚል አንድ መስመር ጽፈው ፈረሙና ሰጧት።

ሙታን ይጻፉ አይጻፉ ክሌዎኒስ አታውቅም፤ አስባበትም አታውቅ። ይህን ለማወቅ ግን ማመን አያስፈልጋትም። ለሽማግሌው የተሰጣቸው ስም ዡሳራ ነው፤ ደብዳቤው የተጻፈው በዡሳራ ስም ነው። ፖስታው ባይከፈትም የታሸገው ነገር ይኸው ነው። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈረች። የማሪናልቫ ሰፈር ቅጠሉም ጣሪያውም የካባው ነጭ አቧራ ለብሷል። ማሪናልቫ በሩን ክፍት አድርጋ ለነገው ችሎት የምትለብሰውን ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። ክሌዎኒስ ማን እንደሆነች ስትነግራት ፊቷ በራ።

"ማኅተሙን ይዘው መጡ? ለዚህ ብለው እዚህ ድረስ? ይቀመጡ እንጂ።"

ክሌዎኒስ አልተቀመጠችም። ከተቀመጠች ንግግሩ እንደሚከብዳት ታውቃለች።

"ማሪናልቫ፣ ደብዳቤው የዤርሶን አይደለም።"

ማሪናልቫ የሸሚዙን እጅጌ ገለበጠችና መተኮሷን ቀጠለች።

"ማን አለ?"

"የጻፉት ሰውዬ። የአንዲት ልጅ ነው። በሞተር ሳይክል የሞተች።"

"አብሮኝ የነበረውን ይላል እኮ። ካባው ውስጥ አብሮት የነበረው አለቃው ነው።"

"የሷ ጓደኛዋ ነው። ሞተሩን የሚነዳው።"

ማሪናልቫ ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለችው። ሽቦውን ገና በጋለው ብረት ዙሪያ ስትጠቀልል ክሌዎኒስ ልትከለክላት እጇን ዘርግታ መለሰችው። ከወደ ካባው የድንጋይ መሰንጠቂያው ድምፅ ይሰማል፤ ሥራ አልቆመም።

"የሱ ታዲያ ሌላኛው ነዋ" አለች ማሪናልቫ።

"ሌላኛው ነው።"

"እስከ መጨረሻው አላነበብኩትም። ሁለት መስመር አይቼ ዜሮ ሰጠሁት። ነጥቡን የምትመዘግበው ልጅ ጨርሰሻል ስትለኝ አዎ አልኳት።" ድምፅዋ አልተለወጠም። "አሁን ይሰጡኛል?"

"ከአምስት ወር በኋላ ነው የሚሉት።"

"ያ ሁሉ ሐኪም፣ ያ ሁሉ የተማረ ሰው። እዚያ ቤት አንድ ሰው አልነበረም? ይቺ ሴት ይህን ታምነዋለች የሚል አንድ ሰው?"

"ነበረ" አለች ክሌዎኒስ። "ለዚያ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ስለ አውቶቡስ ነው የጠየቅኩት።"

ማሪናልቫ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት።

"ይውጡልኝ" አለች።

ሐሙስ ዕለት ክሌዎኒስ ችሎቱ ውስጥ የመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ማሪናልቫ ትመጣለች ብላ እርግጠኛ አልነበረችም። መጣች። ሸሚዙ በግማሽ ተተኩሷል፤ የግራ እጅጌው እንደተጨማደደ ነው። ጠበቃው ቃሏን ማንሳት እንደምትፈልግ፣ ለዚህም ምክንያቷ ደብዳቤ እንደሆነ ለዳኛዋ ተናገረ። ዳኛዋ ማሪናልቫ እንድትናገር ፈቀዱላት።

"ደብዳቤው የልጄ አይደለም" አለች። "ልጄ የጻፈልኝ ነገር የለም። በአፉ ነው የነገረኝ። እሑድ ምሳ እየበላን፣ እማ፣ ገመዱ ተልጧል፣ ብንነግራቸው አይቀይሩትም አለኝ። ሰኞ ሞተ።"

ጠበቃው ተነሥቶ፣ የትናንቱን ዛሬ የምትለውጥ ምስክር ነገ ምን እንደምትል ማን ያውቃል አለ። ደብዳቤው የልጇ አለመሆኑን ማን እንደነገራት ጠየቀ። የማሪናልቫ አይን የኋላውን ወንበር ነካ አድርጎ ተመለሰ።

"ሰው" አለች።

ጉዳዩ ለሁለት ወር ተቀጠረ። ዐቃቤ ሕጉ የሁለት ጊዜ ቃል ይጎዳናል እያለ ለረዳቱ ሲያንሾካሹክ ክሌዎኒስ ሰማችው። ማሪናልቫ በአጠገቧ ስታልፍ ሰላም አላለቻትም።

በሚቀጥለው ሳምንት ለዘጠኙም አባላት ደብዳቤ መጣ። ኤቫንድሮ ምስጢር ወጥቷል ብሎ አመልክቷል፤ ቤላርሚኖ በመውጣታቸውም ጥናቱ ቆሟል። ኮሚቴው እያንዳንዱ አባል ለተሳታፊዋ ማን እንደነገራት የሚያውቀው ነገር ካለ በአሥር ቀን ውስጥ አብሮ በተላከው ቅጽ ላይ እንዲመልስ ይጠይቃል። ደብዳቤውን ቤቷ ድረስ ያመጣችላት ጸሐፊዋ ናት። ክሌዎኒስን ትወዳታለች።

"ሁሉም ሽማግሌው ናቸው ብለው ነው የሚያስቡት" አለቻት በሩ ላይ ቆማ። "እሳቸው ደግሞ ወጥተዋል፣ ማንም ምንም አያደርጋቸውም። አላውቅም ብለው ይጻፉና ይስጡኝ፣ እኔው እወስደዋለሁ። ሌላ እንደ እርስዎ ያለ ሰው አያስገቡም እኮ።"

ክሌዎኒስ ግቢና ተቀመጪ አለቻት። ቅጹን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ መነጽሯን አጠለቀችና አራቱንም ገጽ፣ ከታች በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን ጭምር፣ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ጸሐፊዋ ሁለት ጊዜ ሰዓቷን አየች። ማን ነገራት ለሚለው ጥያቄ በተተወው ክፍት ቦታ ላይ ክሌዎኒስ ሙሉ ስሟን እስከ አያቷ ጻፈች። "ሌላ አስተያየት" ከሚለው ሥር ደግሞ የማሪናልቫ ሁለተኛ ደብዳቤ አምስት ወር ሳይጠበቅ ዛሬውኑ ይሰጣት ብላ ጨመረችና ፈረመች።